ከመከታ ጋር ጣና ዳር ሁለት ሌሊት

ውሻ ይዛችሁ ጣና ዳር ድንኳን ተክላችሁ ለማደር ካሰባችሁ፣ ስለ ምግቡም ስለ ፍራሹም ከማውራታችሁ በፊት አንድ ነገር ቁረጡ፤ ውሻው ሌሊቱን የት ነው የሚያድረው? እኛ ይህን ሳንቆርጥ ነው የሄድነው። «መከታ እያለ ማን ይጠጋናል!» ብለን። መከታ የውሻችን ስም ነው። ያኔ ሦስት ዓመቱ ነበር፣ ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ሰፈር የሚቀሰቅስ፤ ቡሬ ካለው ግቢያችን በር ላይ ሌሊት እንግዳ እግር አስጠግቶ አያውቅም። ስሙን ያወጣችለት በጉዞው ጊዜ 9 ዓመቷ የነበረው ልጄ ናት። ስለዚህ እሱ ሲጠብቀን እኛ ተኝተን እንደምናድር ነበር ያሰብነው። ሐይቁ ዳር ግን የሚጠበቀው እሱ ነው። ይህን በጊዜ ብናውቅ ኖሮ የመጀመሪያውን ሌሊት እንደዚያ አናሳልፈውም ነበር። ሌላ ቤተሰብ እንዳይደገምበት ብዬ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፈው።

ጊዜው የካቲት 2012 ዓ.ም. ነው፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ትንሽ ሲቀረው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጃችንና የባለቤቴ ወንድም ነበርን። አርብን ፈቃድ ወስጄ በማለዳ ወጣን፤ እሑድ ማታ ቤታችን ገባን። ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር። አሁን የሚነሳ ሰው በመጀመሪያ ስልክ ደውሎ የመንገዱን ነገር በየከተማው ካለ ዘመድ ይጠይቅ፤ ሰላም ከሌለ ሽርሽሩ ይቆይ።

ወሩን የመረጥነው አስበንበት ነው። ጣና ክረምት ከወጣ በኋላ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ሞልቶ ዳርቻውን ይውጣል። ከዚያ እየሸሸ እየሸሸ ይሄዳል። በየካቲት ውሃው የለቀቀው መሬት ሰፊ ነው፤ አካባቢው ሰው «ባሕር ሸሽ» ይለዋል፤ ሽንብራም ሌላም ይዘራበታል። የባሕር ዳርቻ ሲባል ነጭ አሸዋ የሚታያችሁ ካላችሁ ያንን እርሱት። ሣር፣ ጥቁር አፈር፣ ደንገልና ድንጋይ ነው። ውበቱ ግን ሌላ ነው፤ ጠዋት ውሃው እንደ መስታወት ረግቶ የደንገል ታንኳ ድምፅ ሳያሰማ ሲያልፍ ማየት ለእኔ ከአሸዋው ይበልጣል።

ስለ ተሳቢው ልንገራችሁ። ፒካፓችን ደብል ጋቢና ስለሆነ የኋላው ጠባብ ነው። ድንኳን፣ ሦስት ፍራሽ፣ አራት ጀሪካን ውሃ፣ ከሰልና ምድጃ፣ የመከታ ምግብ ሲደመር አይበቃም። የባለቤቴ ወንድም በርበሬ የሚጭንበት ባለ ሁለት ጎማ አነስተኛ ተሳቢ አለው፤ እሱን ቀጠልን። የበርበሬ ተሳቢ መሆኑን ያስታወሰን መከታ ነው። ገና ግቢ ውስጥ ሸራውን ስንገልጠው ቀርቦ አሸተተና ማስነጠስ ጀመረ፣ አላቆም አለ፣ ዐይኑ አነባ። ወለሉ ላይ የቀረው የበርበሬ ብናኝ በየስንጥቁ ገብቷል። ፍራሹን እዚያ ላይ ጭነን ቢሆን ኖሮ ማታ ልጄ ፊቷን የምታሳርፍበት ነበር። በሳሙና ሁለት ጊዜ አጠብነው፤ ሸራውንም ቀየርነው። እህል፣ በርበሬ፣ ሲሚንቶ ወይም ማዳበሪያ የጫነ ተሳቢ ከተዋሳችሁ ከመጫናችሁ ሁለት ቀን ቀድማችሁ እጠቡና ፀሐይ ላይ አቆዩት።

ውሻውን ተሳቢው ላይ ልትጭኑ እንዳታስቡ። አቧራው፣ ጭሱ፣ ንጠቱ ይገድለዋል፤ ደግሞ ምን እንደሆነ አታዩትም። መከታ ከኋላ ወንበር ልጄ እግር ሥር ነው የሄደው። መኪና ገብቶ ስለማያውቅ ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምረን አለማመድነው። መጀመሪያ የቆመ መኪና ውስጥ ምግቡን በላ። ቀጥሎ ሞተር አስነስተን አስቀመጥነው። ከዚያ እስከ ገበያው ደርሶ መመለስ። በጉዞው ቀን ጠዋት ምግብ አልሰጠነውም፤ ውሃ ብቻ። አንድ ጊዜ ብቻ እንጅባራ አካባቢ አስታወከው፤ በየሰዓቱ እያወረድን ስናንሸራሽረው ተሻለው።

ጭነቱን ስታስተካክሉ ከባዱ ነገር ከጎማው በፊት፣ ወደ መኪናው በኩል ይሁን። እኛ መጀመሪያ ጀሪካኖቹን ለማውረድ እንዲመቸን ብለን ከኋላ ደረደርናቸው። ከቡሬ ወጥተን ፍጥነት ስንጨምር ተሳቢው እንደ ዓሣ ጅራት ወዲያና ወዲህ ይል ጀመር። መሪውን ሲጎትተኝ ተሰማኝ። እንዲህ ሲሆን ፍሬን መርገጥ ያባብሰዋል፤ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ እግራችሁን ከነዳጁ አንሱ፣ ራሱ እስኪረጋ። ዳር ይዘን ቆመን ጀሪካኖቹን ወደ ፊት አዛወርን። ከዚያ በኋላ ልክ እንዳልተቀጠለ ያህል ሄደ። ልዩነቱ እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም።

ከቡሬ እስከ እንጅባራ ዳገት ነው። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ ጣና ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ። ስለዚህ ከእንጅባራ በኋላ መሬቱ እያዘቀዘቀ ነው የሚሄደው፤ ተሳቢ ከኋላ እየገፋ ማለት ነው። ፍሬን ብቻ ላይ አትደገፉ፤ በከባድ ማርሽ ውረዱ። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሰሞን ከሆነ ደግሞ እንጅባራ በፈረስና በሰው ትሞላለች፤ በዓሉን ለማየት ካልሆነ በቀር ተሳቢ ይዛችሁ ባትገቡባት ይሻላል። አዲስ ቅዳምም ስሙ እንደሚነግራችሁ ቅዳሜ ገበያ ነው። እኛ አርብ ስላለፍን አልነካንም።

ከእንጅባራ በፊት ዘንገና ሐይቅ አለ፤ ከዋናው መንገድ አይርቅም። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ክብ ሐይቅ ነው፣ ዙሪያው ደን፣ ገደሉ ወደ ውሃው ቁልቁል። አንዳንዱ «እዚያው እደሩ» ይላል። እኔ ውሻና ልጅ ላለው ሰው አልመክርም፤ ብርዱም ከባድ ነው፣ ዳርቻው ረጋ ያለ ሳይሆን ቀጥ ብሎ የሚወርድ ነው። ሻይ ጠጥተን፣ መከታን በገመድ አንሸራሽረን ቀጠልን።

ያሳሰበን ዳንግላ ላይ የሆነው ነው። በየቆምንበት የተሳቢውን ጎማ መሃል በእጄ መንካት ልማድ አድርጌ ነበር፤ ይህን የመከረኝ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ዘንገና ላይ ሁለቱም ለብ ያሉ ነበሩ። ዳንግላ ወርጄ ግራውን ስነካ እጄን አቃጠለኝ፤ ቀኙ ግን እንደ ፊቱ ነው። አንዱ ብቻ ከጋለ ኩሽኔታው ነው። ጋራዥ ገብተን ሲፈታ ግራሶው ደርቆ ጥቁር ሆኗል፣ ኩሽኔታው ውስጥ ካሉት ጥይት የሚባሉ ትናንሽ ብረቶች አንዱ ተፈልጧል። ተሳቢው ከመነሳታችን በፊት ሰርቪስ ተደርጎልናል ተብሎ ነበር፤ ግራሶው የተቀባው ግን ላዩን ብቻ ነው። ልኩን ኩሽኔታ ለማግኘት ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ስለዚህ ተሳቢ ሲሰጣችሁ «ግራሶ ተደርጓል» በሚለው ቃል አትለፉት። ጎማው ሲፈታ ቆማችሁ እዩ። አንድ ኩሽኔታ ከነቁጥሩ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለተሳቢው የሚሆን ስኮርታም ለብቻው ያዙ፣ የመኪናው ስኮርታ አብዛኛውን ጊዜ አይገጥምለትም። የተሳቢው ሊብሬ፣ ታርጋና የኋላ መብራት መሟላቱንም አረጋግጡ፤ ፍሬቻው በተሳቢው ላይ ካልበራ ከኋላ የሚመጣው ሰው የት እንደምትታጠፉ አያውቅም።

ዱርቤቴን፣ ወተት አባይን፣ መራዊን አልፈን ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሚወስደውን መንገድ ያዝን። አሥር ሰዓት ገደማ፣ ዘጌ ሳንደርስ፣ ከመንገዱ ወጣ ብሎ ሐይቁ የሚታይበት አንድ ማሳ ጋ ቆምን። ባለ መሬቱን ፈለግን። እዚያ ሰው የሌለበት የሚመስል መሬት ሁሉ ባለቤት አለው፤ ዝም ብሎ ድንኳን መትከል ነውር ነው፣ ለራስም አደጋ ነው። አዛውንቱ ከነልጆቻቸው መጡ። እንዴት ዋላችሁ ተባባልን፣ ከየት እንደመጣን ነገርናቸው። ሦስት ነገር ጠየቅናቸው፤ የት እንደር፣ ውሻችን ከውሾችዎ ጋር ይስማማል ወይ፣ ውሃው ዳር ምን አለ?

«ውሾቹን ልጆቹ ይይዟቸዋል» አሉ። ቀጥለው ወደ ሐይቁ የሚወርድ አንድ ጠበብ ያለ የሣር መንገድ አሳዩን፤ መሃሉ ከፍ ብሎ ግራና ቀኙ የተረገጠ፣ ቁጥቋጦው ላይ ፋንድያ የተረጨበት። «ይኼን አያችሁ ልጄ? ይኼ የጉማሬ ጎዳና ነው። ማታ በዚህ ይወጣል፣ ሊነጋጋ ሲል በዚሁ ይገባል። እሱና ውሃው መካከል የቆመን ሰው አይምርም።»

ይህን ምልክት ልብ ብላችሁ ያዙት። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፣ ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል፤ ደጋግሞ የሚሄድበት መንገድ አለው። ሰውን የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ወደ ውሃው የሚመለስበት ሲዘጋበት ነው። እኛ ከመንገዱ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ርቀን ከፍ ወዳለው ቦታ ወጣን። አዛውንቱ ግቢያቸው ውስጥ እንድናድር ጋብዘውን ነበር። እኛ ሐይቁን እያየን መተኛት ፈለግንና አመስግነን ቀረን። ያ ነው ስህተታችን።

ውሾቹን ስናስተዋውቅ ያደረግነው ጥሩ ሠርቷል። ፊት ለፊት አላገናኘናቸውም። የአዛውንቱ ልጅ ሁለቱን ውሾቻቸውን፣ እኔ መከታን በገመድ ይዘን፣ በመካከላችን ሃያ እርምጃ ያህል ትተን በአንድ አቅጣጫ አብረን ተራመድን። መጀመሪያ ተጓጓሩ። ሦስተኛው ዙር ላይ መሬት ማሽተት ጀመሩ፣ ከዚያ ተላመዱ። ይህ ሁሉ ግን ክትባት ለሌለው ውሻ አይሆንም። መከታ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን የወሰደው ከጉዞው ከአንድ ወር በላይ ቀድሞ ነው፤ ክትባቱ ሰውነቱ ውስጥ እስኪሠራ ሳምንታት ይፈልጋል። ካርዱን መኪናው ውስጥ አስቀመጥነው። ባለቤቴ የጤና ባለሙያ ስለሆነች ይህን ደጋግማ ታስታውሰናለች፤ ሰውን ውሻ ከነከሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ፤ ነገ አይባልም።

የመጀመሪያው ሌሊት እንግዲህ ይኸው። መከታን ረዘም ባለ ገመድ ከተሳቢው ጋር አሰርነው፣ ከድንኳኑ ሦስት እርምጃ። ሽሮ በልተን፣ ቡና ጠጥተን ተኛን። ጨረቃዋ እኩለ ሌሊት ገደማ የምትወጣበት ሰሞን ስለነበር እስከዚያ ድረስ ጨለማው ድቅድቅ ነው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት አካባቢ ነቃሁ። መከታ አልጮኸም። የሰማሁት ከደረቱ የሚወጣ ዝቅ ያለ ማጉረምረም ነው፤ ያንን ድምፅ ቤታችን አውጥቶት አያውቅም። ቀጥሎ ገመዱ እስከሚደርስለት ድረስ መጥቶ ልጄ በተኛችበት በኩል የድንኳኑን ሸራ በጀርባው ተጫነው። ሸራው ወደ ውስጥ ሲጎብጥ፣ እሱም ሲንቀጠቀጥ በእጄ ዳሰስኩት።

ከዚያ ሣር ሲነጭ ሰማን። በሬ ሲግጥ የሚሰማው ዓይነት ነው፣ ግን የሚከብድ፤ ሣሩ በጭብጥ ሲቀደድ፣ ትንፋሽ፣ ደግሞ ሲቀደድ። የባለቤቴ ወንድም ባትሪውን ይዞ ሊወጣ ተነሣ፤ ባለቤቴ ጋቢውን ይዛ አስቀመጠችው። እኔን ያስፈራኝ መከታ ነው። ቢጮህ ይጠራዋል። ቢመጣበት ደግሞ መሸሽ አይችልም፣ እኛው አስረነዋል። ፈትቶ መልቀቅም አይሆንም፤ ሊያሳድደው ይችላል፣ ከዚያ ተባርሮ ወደ እኛ ይመለሳል። የድንኳኑን ዚፕ ቀስ ብዬ በጣቴ ጥርስ በጥርስ ከፈትኩ። እጄን አውጥቼ አንገት ማሰሪያውን ያዝኩና ጎተትኩት። ቤት ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ውሻ ነው፤ በሆዱ እየተሳበ ገባና ልጄ እግር ላይ ተኛ። ገመዱን በቢላ ቆረጥኩት። አፉን በመዳፌ ይዤ ጆሮው ሥር እያሻሸሁት ቆየሁ። እንስሳው አንድ ጊዜ በኃይል ተነፈሰና ድምፁ እየራቀ ሄደ። ከዚያ በኋላ ማንም አልተኛም።

ሲነጋ ወጥተን አየን። ባለ አራት ጣት ዱካው ከተሳቢው ሠላሳ እርምጃ ላይ ነው። ከመንገዱ ሁለት መቶ እርምጃ መራቃችን ውሃ ለሚመለስበት ረድቶናል፤ ግጦሽ ፍለጋ ሲዞር ግን የትም ይደርሳል። አዛውንቱ ጠዋት እንዴት አደራችሁ ሊሉ መጥተው ዱካውን አዩና ዝም አሉ። ቆይተው «ጉማሬውስ ሣሩን በልቶ ሄደ። ጅብ ቢሆን ያሰራችሁትን ይዞ ነበር የሚሄድ» አሉን። እውነታቸውን ነው። የታሰረ ውሻ ለጅብ የተዘጋጀ ነው። ልቅ ሆኖ ቢያንስ ይሮጣል፤ ታስሮ ምን ያደርጋል? እዚህ ላይ ነው ሁላችንም ነገሩ የገባን። ግቢያችን ውስጥ መከታን ጠባቂ ያደረገው አጥሩ ነው። አጥሩን ትተን እሱን ብቻ ይዘን መጣን።

ቅዳሜን ድንኳኑን ነቅለን አዛውንቱ ግቢ ገባን። ልጆቻቸው በአጥሩ ሥር የነበረውን የውሾች መሹለኪያ በእሾህ ደፈኑት። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የምንለው እዚያ ተረት አይደለም፣ ማታ ማታ የሚሠራ ሥራ ነው። መከታን ፒካፑ ጋቢና ውስጥ አሳደርነው፣ መስኮቶቹን አራት አራት ጣት ከፍተን፣ ውሃውን በሳህን አድርገን። ይህ ለሌሊት ብቻ ነው፤ ቀን በፀሐይ የተዘጋ መኪና ውስጥ ውሻ ለደቂቃዎችም አይተውም። ጅቦቹ ከላይ በኩል ሲያላዝኑ ሰማናቸው። መከታ ሁለት ጊዜ ጮኸና ተኛ። እኛም ተኛን።

የቅዳሜው ቀን ደስ የሚል ነበር። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ለመሳለም ተራ በተራ ሄድን። ውሻ ይዞ ወደ ገዳም ቅጥር አይጠጋም፤ በር ላይ አስሬው እገባለሁ ማለትም ልክ አይደለም። ውሻ ቤተ መቅደስ ገባ ማለት ለቦታው ከባድ ነገር ነው። ስለዚህ ባለቤቴና ልጄ ጠዋት ሄዱ፣ እኔና ወንድሟ ከሰዓት። መከታ ሁልጊዜ አንድ ሰው አብሮት ዋለ። በጀልባ መሄድ ከፈለጋችሁ ጠዋቱን ያዙት፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሳና ሐይቁ ይናወጣል።

ስለ ውሃው ባለቤቴ ያለችውን እንዳለ ላስተላልፍ። ጣና ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ። ተሸካሚዎቹ ጥልቀት በሌለውና ሣር ባለበት ዳርቻ የሚኖሩ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች ናቸው፤ ትሉ ከእነሱ ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል። መዋኘት ብቻ አይደለም፣ እግርን መንከርም ይበቃል። ልጅ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያሸንፈው «እግሬን ብቻ!» የሚለውን ልመና ነው። እኛ መከልከል ቻልን ብዬ አልዋሽም፤ መከታ ይብራ ሲያይ ገመዱን ነጥቆ ውሃው ውስጥ ገባ፣ ልጄ እሱን ብላ እስከ ጉልበቷ ገባች። ወዲያው አወጣናት፣ ልብሷን ቀይረን አደራረቅናት። ይህ ግን መከላከያ አይሆንም። ባለቤቴ ቀን ቆጥራ ከሁለት ወር በኋላ አስመረመረቻት፤ ቶሎ ቢመረመር ላይታይ ይችላል። ቢገኝባት መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ ይድናል። አልተገኘባትም። ለመጠጥና ለማብሰያ የተጠቀምነው ከቤት በጀሪካን ያመጣነውን ነው፤ ለእጅ መታጠቢያ የሐይቁን ውሃ አፍልተን። ወባም ስላለ አጎበር አትርሱ።

ማታ ከዓሣ አጥማጆች የገዛነውን ቆሮሶ ጠብሰን በላን። ለመከታ አጥንቱን አልሰጠነውም፤ የዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ቢሰካ እዚያ ማን ያወጣለታል? ከሰሉን ከቤት ማምጣታችን ጠቀመን፤ የጣና አካባቢ በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከመዘገባቸው የባዮስፌር ቦታዎች አንዱ ነው፣ የሐይቁ ዳር ዛፍ ደግሞ ከበቂ በላይ ተቆርጧል። ላስቲኩንና ጠርሙሱን ጆንያ ውስጥ አድርገን ይዘን ተመለስን። ለመጸዳጃ ከውሃው ራቅ ብለን ጉድጓድ ቆፍረን ደፈንነው።

እሑድ ልንነሳ ስንል ተሳቢው አልንቀሳቀስ አለ። የባሕር ሸሹ አፈር ከላይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ከሥሩ ግን ርጥብ መረሬ ነው። አርብ ዕለት ስናቆመው ከሥሩ ምንም ሳንረግጥ ነበር፤ ቅዳሜ ወደ ግቢው ስንገባም እቃውን በእጅ ተሸክመን እሱን እዚያው ተውነው። ሁለት ቀን ሲቆም ጎማው ተቀበረ። በመኪናው ብጎትት መኪናውም ይሰምጣል። አዛውንቱ «ፍቱት» አሉ። ባዶውን ከመኪናው ፈታነው፣ ከጎማዎቹ ፊት ቆፍረን ድንጋይና ጣውላ አደረግን፣ አራት ሆነን በእጃችን ገፍተን አዞርነው፤ ጠንካራው መሬት ላይ ሲወጣ እንደገና ቀጠልነው። ስታቆሙ ቦታውን መጀመሪያ በእግራችሁ ተራመዱበት፤ ተረከዛችሁ ከገባ ጎማውም ይገባል። የክሪኩ ሥር የምታደርጉት ጣውላም ያዙ። ተሳቢ ወደ ኋላ መንዳት ለማትለምዱ ደግሞ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ፤ እጃችሁን መሪው ግርጌ ላይ አድርጉ፣ ተሳቢው እንዲሄድ ወደምትፈልጉበት ጎን እጃችሁን ግፉ። ቀስ በሉ፤ መኪናና ተሳቢው ሲታጠፉ ካያችሁ ወደ ፊት ሄዳችሁ እንደገና ጀምሩ። እኔ ቡሬ ሜዳ ላይ አንድ ከሰዓት ተለማምጄበታለሁ፣ ጠቅሞኛል።

ለአዛውንቱ ገንዘብ ስንሰጣቸው አልቀበልም አሉ። የቀረንን ቡናና ስኳር፣ ሁለት ጀሪካንና ረጅሙን ገመድ ለልጆቻቸው እናት ተውን። የመከታን ክትባት ካርድ ያየው ልጃቸው የእነሱ ውሾች እንደማያውቁት ነግሮኝ ስለነበር ባለቤቴ የት እንደሚከተቡ በወረቀት ጻፈችለት።

ቤት ስንደርስ መከታን ከጆሮው እስከ ጣቶቹ መካከል አየነው፤ ሰባት መዥገር ወጣለት፣ አንዱ ከጆሮው ውስጥ። መዥገርን በወረንጦ ከቆዳው ጠጋ አድርጋችሁ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት፤ በእሳት ወይም በጋዝ አትነካኩት። የተሳቢውን ሁለቱንም ጎማ ራሴ ቆሜ አስፈትቼ ግራሶ አስሞላሁ። መከታ ያን ዕለት ማታ በሩ ላይ ቦታውን ይዞ ተኛ፣ ልጄ ግን ሦስት ጊዜ እየተነሳች በመስኮት አየችው።